መሳቢያን በኮላ ማጣበቅ፦ ከደረቅ ሙከራ እስከ ሞርሳ መፍታት

መሳቢያን ከሌላው የቤት ዕቃ የሚለየው በየቀኑ መጎተቱ ነው። ፊቱን ይዘን ስንስብ ውስጥ ያለው ጭነት ሁሉ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ያ ጉልበት የሚያርፈው ማዕዘኖቹ ላይ ነው፣ በተለይ የፊቱ ጣውላ ከጎኖቹ ጋር በሚገናኝባቸው ሁለቱ ላይ። ሚስማር ብቻውን ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄድና አንድ ቀን ፊቱ እጅ ላይ ይቀራል። በትክክል የተገጠመና በትክክል የተጣበቀ ማዕዘን ግን እንጨቱ ራሱ እስኪሰበር ድረስ አይለቅም።

ይህን የምጽፈው በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በኮዬ ፈጬ በግቢ ጥግ ወይም በበረንዳ ላይ፣ በእጅ መሣሪያ ለራሱ ቤት ለሚሠራ ሰው ነው። ጣውላው ተልጎ ተቆርጧል፣ የማዕዘኑ መገጣጠሚያም፣ ጥርስ ይሁን እርከን፣ ወጥቷል ብዬ ነው የምነሳው። የሚቀረው ማጣበቁ ነው። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻ ቀላል ሥራ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ለሳምንት የተለፋበት መሳቢያ የሚበላሸው ወይም የሚቃናው በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው እላለሁ፤ አሥሩ ደቂቃ እንዲያምር ደግሞ ዝግጅቱ ኮላው ሳይከፈት ማለቅ አለበት።

ለምሳሌ የምንይዘው መሳቢያ በውጭ ልክ 36 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 48 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ነው። ጎኖቹና ጀርባው 12 ሚሊ ሜትር፣ ፊቱ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። ወለሉ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ሰሌዳ) ሲሆን ከጎኖቹና ከፊቱ ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ ይገባል። ጀርባው ከቦዩ በላይ እንዲያበቃ ተደርጎ ስለሚቆረጥ ወለሉ ከኋላ ተንሸራቶ መግባትና መውጣት ይችላል። 36 እና 48ን ያለ ምክንያት አልመረጥኩም፤ ማዕዘኖቹ ትክክል ከሆኑ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለው ሰያፍ ልክ 60 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሜትርዎን ዘርግተው ወዲያው ያውቁታል።

ኮላ የሚይዘውና የማይዘው ገጽ

እንጨት የረጃጅም ጅማቶች ስብስብ ነው። ሁለት ጣውላዎች ጎን ለጎን፣ ጅማት ለጅማት ሲገናኙ ነጭ ኮላ እጅግ ይጠነክራል። መጋዝ አቋርጦ ያለፈበት የጣውላ ጫፍ ግን የጅማቶቹ ክፍት አፍ ነው፤ ኮላውን ወደ ውስጥ ይመጠውና መገናኛው ላይ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል። የእንጨት ጫፍን ከሌላ ጣውላ ጋር በኮላ ብቻ ገጥሞ መተው የማይዘልቀው ለዚህ ነው።

ጥርስ በጥርስ የሚገባ መገጣጠሚያ፣ ቀጥ ያለው ይሁን ዳቭቴል የሚሉት ወደ ጫፉ የሚሰፋው፣ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የየጥርሱ ጎንና ጎን ጅማት ለጅማት ይነካካል፤ ስለዚህ ኮላው የሚቀባው በዋናነት በጥርሶቹ ጎን ላይ ነው። ዳቭቴል ከሆነ ደግሞ ኮላው ቢደክም እንኳ ቅርጹ ራሱ ፊቱን ይይዘዋል።

የፊቱ ጫፍ በእርከን ተቆርጦ ጎኑ እዚያ የሚያርፍበት ቀላሉ መገጣጠሚያ ግን የተለየ ነው። ኮላው የሚነካቸው ሁለቱም ቦታዎች ላይ በአንድ በኩል የእንጨት ጫፍ አለ። ሥራው ፈጣን ነው፣ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ኮላው ከደረቀ በኋላ ከጎኑ ወደ ፊቱ የሚዘልቁ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት የእንጨት ካስማዎች በየማዕዘኑ ይጨምሩበት። ለአሥር ዓመት የሚያገለግል መሳቢያ ከፈለጉ ይህን አይዝለሉት።

ኮላውን መምረጥ

ለዚህ ሥራ አናጺዎች ኮላ የሚሉት ነጩ የእንጨት ማጣበቂያ በቂ ነው። ለማእድ ቤት ወይም ለመታጠቢያ ቤት ከሆነ ማሸጊያው ላይ «ዲ3» የሚል ምልክት ያለበትን ይፈልጉ፤ እርጥበትን ከተራው በተሻለ ይቋቋማል። ለፎርማይካና ለጫማ የሚያገለግለውን ማስቲሽ ለማዕዘን አይጠቀሙ። እንደተነካካ ስለሚይዝ ጥርሱን አስገብቶ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረቀም በኋላ እየተለጠጠ ስለሚኖር ጭነት ሲበዛበት ማዕዘኑ ቀስ እያለ ይከፈታል።

ከትልቅ ባልዲ እየተቀዳ የሚሸጥ ኮላ ከገዙ ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ይፈትኑት። ጥሩው እንደ እርጎ ወፈር ያለ፣ ጓል የሌለው፣ መጥፎ ሽታ የማያወጣ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ግን ይህ ነው፦ ከዚያው ከመሳቢያው እንጨት ሁለት ቁራጭ ወስደው ጅማት ለጅማት ያጣብቁ፣ አስረው አንድ ቀን ያሳድሩ፣ ከዚያ በመሮና በመዶሻ ይለያዩዋቸው። መሰንጠቁ በእንጨቱ ውስጥ ካለፈና ስብርባሪው ከሌላኛው ቁራጭ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ኮላው ደህና ነው። በመገናኛው ላይ ለስላሳ ሆኖ ከተላቀቀ ግን ወይ ኮላው ቀጥኗል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ብርድ አግኝቶታል።

ብርዱን ቀላል አድርገው እንዳያዩት። ነጭ ኮላ የሚሠራው ውሃው ሲወጣ ጥቃቅን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ወጥ ሽፋን ሲሆኑ ነው፤ ለዚህ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። ከ10 ዲግሪ በታች ያለ ሙቀት ያሰጋል። በደንብ የደረቀ ኮላ ግልጽ ይሆናል፤ በብርድ የደረቀው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በጥፍር ሲነኩትም ይበናል። ከህዳር እስከ ጥር ያሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ ሌሊቶች፣ በተለይ በሱሉልታና በእንጦጦ ጀርባ፣ ከዚህ በታች ይወርዳሉ። ስለዚህ በበጋ ወራት ሥራውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ይጀምሩ፤ እንጨቱም ኮላውም ከቤት ውጭ አድረው ከሆነ አስቀድመው ወደ ቤት አስገብተው ያሙቋቸው። ኮላ ከቀቡ በኋላ ግን ፀሐይ ላይ አይሥሩ። የቀትር ፀሐይና የበጋ ንፋስ ኮላውን ገና ጥርሱ ሳይገባ ያጠነክሩታል።

ደረቁ ሙከራ

ኮላ ሳይነካ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ይግጠሙ፣ ሞርሳውንም (ጣውላዎቹን ጨምቆ የሚይዘውን መሣሪያ) ያጥብቁ። ይህን ግማሽ ሰዓት የሚዘል ሰው ኋላ ላይ በተቀባ ኮላ ፊት ቆሞ ሞርሳ ይፈልጋል።

ጥርሶቹ በእጅ ግፊት አብዛኛው መንገድ ገብተው በጎማ ወይም በእንጨት መዶሻ ቀላል ምት መጨረስ አለባቸው። በኃይል ካልተመቱ የማይገቡ ከሆነ በመሮ በትንሹ ይቀንሱ። ነጭ ኮላ ውስጡ ውሃ ስላለ የተቀባው ጥርስ በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል፤ ደረቅ ሆኖ የተጨናነቀ ማዕዘን በኮላ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሲመቱትም ጎኑ ይሰነጠቃል። ባህር ዛፍ በዚህ ጊዜ አይምርም። ዋንዛ ለስለስ ስለሚል ትንሽ ይታገሣል፤ ለመሳቢያ ጎን የምመርጠውም እሱን ነው፣ ከተቆረጠ በኋላ እምብዛም ስለማይጣመምና ኮላ በደንብ ስለሚይዝ።

አሁን ወለሉን ያለ ኮላ ከኋላ ያንሸራቱ። የኮምፔርሳቶው አራት ማዕዘን አስቀድሞ በስኳድራ (በቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) ተፈትሾ ከሆነ፣ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ምርጥ መሪ ነው። ከዚያ ሰያፉን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። ሁለቱም 60 ሴንቲ ሜትር ከመጡ ጥሩ። በመካከላቸው የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይታለፋል፤ ከ2 በላይ ከሆነ ምክንያቱን ይፈልጉ፦ አንዱ ጎን ከሌላው ረዝሟል፣ ወይም አንድ ጥርስ ታች ድረስ አልገባም።

መጣመሙንም ይዩ። ሳጥኑን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው በተቃራኒ ማዕዘኖች ተራ በተራ ይጫኑ፤ ከተንቀጫቀጨ ተጣሟል ማለት ነው። ለዚህ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ራሱ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። የግቢ ሲሚንቶ ወለል አይታመንም፤ አሮጌ በር ወይም ወፍራም ችፑድ በሁለት ማቆሚያ ላይ ቢዘረጉ ይሻላል።

ሞርሳ ከሌለዎት ሥራው አይቆምም። ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የባጃጅ ከመነዳሪ ለምነው ሦስት ጣት በሚያህል ስፋት በረጅሙ ይቁረጡት። ሳጥኑን ዙሪያውን እየሳቡ ሁለት ሦስት ዙር ሲጠመጥሙት አራቱንም ማዕዘን በእኩል ይጫናል፤ ገመድ የሚፈጥረው ጠባሳም የለም። ሌላው መንገድ ሽብልቅ ነው፦ ከሳጥኑ በአራት በኩል ትንሽ ርቀት ትተው አጫጭር ጣውላዎችን የሥራ ሰሌዳው ላይ በሚስማር ይምቱ፣ ከዚያ በክፍተቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ሽብልቅ ፊት ለፊት እያስገቡ ቀስ ብለው ይምቱ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ግፊት ከብረት ሞርሳ አያንስም፤ አንዱን ሽብልቅ ላላ፣ ሌላውን ጠበቅ በማድረግ ማዕዘኑን ማቅናትም ይቻላል።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን በግፊቱና በመሳቢያው መካከል ቁራጭ እንጨት ይግባ። ቁራጩን በፌስታል ይጠቅልሉት፤ ኮላ ፌስታል ላይ አይዝም። ጥርሶቹ ከጎኑ ገጽ ትንሽ ወጣ ካሉ ቁራጩ ጥርሶቹ ላይ ሳይሆን ልክ ከኋላቸው ይረፍ፤ አለዚያ ጥርሱ ራሱ ግፊቱን ይከለክላል።

ሁሉንም ፈትተው ከመጀመርዎ በፊት የየማዕዘኑን ሁለት ጣውላ በእርሳስ በተመሳሳይ ቁጥር ምልክት ያድርጉ፣ የላዩን ጠርዝም ያመልክቱ። ኮላ እጅ ላይ እያለ የግራና የቀኝ ጎን መቀላቀል ቀላል ነው።

ማጣበቁ

አጠገብዎ ይኑሩ፦ ኮላ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀጭን የእንጨት ስንጥር፣ የጎማ መዶሻ፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ በልኩ ተከፍቶ የተዘጋጀ ሞርሳ ወይም የተቆረጠው ከመነዳሪ። አንድ ሰው ቢያግዝዎ መልካም ነው፤ የሣጥኑን ሌላ ጫፍ የሚይዝ ልጅ እንኳ ይበቃል።

1. ከኮላው ጥቂቱን በትንሽ ውሃ ያቅጥኑና ለእንጨት ጫፎቹ ብቻ ይቀቡ። አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ክፍቶቹ አፎች ይህን ይመጡታል፣ ቀጥሎ የሚቀባው ያልቀጠነ ኮላም ገጹ ላይ ይቀራል። በእርከን ለተሠራ ማዕዘን ይህ ግድ ነው፤ ለጥርስ ቢደረግ ይጠቅማል።

2. ከዚህ በኋላ ሰዓቱ ይቆጥራል። ያልቀጠነውን ኮላ በብሩሽ በጥርሶቹ ጎን ላይ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ጠባቡን ቦታ በስንጥሩ ይድረሱ። የእንጨቱ መልክ በኮላው ውስጥ ደብዝዞ እስኪታይ ድረስ ብቻ ይሁን። በሁለቱም ወገን መቀባት አንዱን ወገን አብዝቶ ከመቀባት ይሻላል። በወለሉ ቦይ አቅራቢያ ባለው ጥርስ ላይ እጅዎን ይቆጥቡ፤ ወደ ቦዩ የፈሰሰ ኮላ ወለሉን ይይዘዋል።

3. ፊቱን የውጭ ገጹን ወደ ታች አድርገው ጠፍጣፋው ሰሌዳ ላይ አጋድመው ሁለቱን ጎኖች ያቁሙበት፣ በመዶሻው ወደ ታች ያስገቧቸው፣ ከዚያ ጀርባውን ከላይ ይግጠሙ። በቀጥታ አይምቱ፤ በመሃል ቁራጭ እንጨት ይግባ። ከመጀመሪያው ቅብ እስከዚህ ድረስ ከስምንት ደቂቃ ባያልፍ እመርጣለሁ። ነጭ ኮላ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ደረቅ የበጋ ንፋስ ካለ ወደ አምስቱ ይጠጋል።

4. ወለሉን ያለ ኮላ ያንሸራቱ። ሞርሳውን በእኩል፣ ተራ በተራ ያጥብቁ። በመገናኛው መስመር ላይ ጥቃቅን የኮላ ጠብታዎች ተከታትለው ሲወጡ ማጥበቁን ያቁሙ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ 12 ሚሊ ሜትሩን ጎን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ቀጥ ያለ ጣውላ በጎኑ ላይ አስደግፈው በመካከል ብርሃን መኖሩን ይዩ።

5. ወዲያው ሰያፉን ይለኩ። አንዱ ረዝሞ ከመጣ ሳጥኑ ወደዚያ አቅጣጫ ተንጋዷል። ረጅሙን ሰያፍ የሚይዙትን ሁለት ማዕዘኖች በእጅዎ ወደ ውስጥ ይጫኑ፣ ወይም ሞርሳውን ትንሽ አላልተው ወደ ረጅሙ ሰያፍ አቅጣጫ አጋድለው እንደገና ያጥብቁ። እንደገና ይለኩ። ሁለቱ እስኪተካከሉ ድረስ ከቦታዎ አይነሱ፤ ይህን የሚያደርጉበት ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።

6. መጨረሻ ላይ ጠፍጣፋው ሰሌዳ ላይ አስቀምጠው አለመንቀጫቀጩን ያረጋግጡ።

የተረፈውን ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የተለመደ ነው፤ እኔ አልስማማበትም። ውሃው ኮላውን አቅጥኖ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ያስገባዋል፣ ያን ጊዜ አይታይም፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ግን ያ ቦታ ቫርኒሹን ስለማይመጥ ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ይልቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቀው ጠብታው እንደ ጎማ ሲሆን በመሮ ጫፍ ያንሱት፤ ተጠቅልሎ ይነሳል። ለመድረስ የሚያስቸግረውን የውስጥ ማዕዘን አስቀድሞ፣ በደረቁ ሙከራ ጊዜ፣ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ነው። ፕላስተሩ ሲነሳ ኮላውም አብሮ ይነሳል።

መፍታትና ማጥራት

ሞቅ ባለ ቀን ሞርሳው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊፈታ ይችላል። ቀዝቃዛ ከሆነ ወይም ክረምት ከሆነ ቤት ውስጥ አስገብተው ያሳድሩት። ሙሉ ጥንካሬው የሚመጣው ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት አይሳብ፣ አይጫንበት።

ወጣ ያሉትን ጥርሶች በመላጊያ ለማስተካከልም እስከ ማግሥቱ ይታገሡ። መገናኛው አካባቢ ያለው እንጨት የኮላውን ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ያኔ ቢላግ ለጊዜው እኩል ይሆናል፣ ሲደርቅ ግን ይኮማተርና መስመሩ ሰርጎ ይታያል። መላጊያው ከጠርዙ ወደ መሃል ይሂድ፤ ወደ ውጭ ከሄደ የጫፉን ጥርስ ይገነጥለዋል።

ጥቃቅን ክፍተት ከታየ ከዚያው እንጨት ቀጭን ስንጥር ልገው ኮላ ቀብተው ያስገቡ፣ ሲደርቅ ያስተካክሉ። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መድፈንም ይቻላል፤ ሲደርቅ ከእንጨቱ ጠቆር ይላል፣ ስለዚህ ለጀርባው እንጂ ለፊቱ አልመክረውም። የእርከን ማዕዘን ከሆነ ለካስማዎቹ አሁን ቀዳዳ በስተው በኮላ ይምቷቸው።

ኮላው ደርቆ ሳጥኑ ተንጋዶ ከተገኘ መፍትሔ አለው። ሞቅ ያለ ነጭ ኮምጣጤ በመገናኛው ላይ ደጋግመው ሲያርሱት ነጩ ኮላ ይለሰልሳል፤ ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን ማዕዘኑ ሳይሰበር ይላቀቃል። እንደገና ሲያጣብቁ አሮጌውን ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ በመሮ ያንሱ፤ አዲስ ኮላ በደረቀ ነጭ ኮላ ላይ አይዝም። የአሮጌ ኮሞዲኖ መሳቢያ ሲጠግኑም ሕጉ ይኸው ነው።

ወለሉና ልኩ

ኮምፔርሳቶ በእርጥበት ብዙ ስለማይሰፋ ወለሉን በቦዩ ውስጥ በኮላ ማጣበቅ ይቻላል፤ ሳጥኑንም ያጠነክረዋል። ወለሉ ከጣውላ ከተሠራ ግን ፈጽሞ አይጣበቅ። ጣውላ በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ጅማቱ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ተደርጎ ሲገባ እብጠቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እዚያም ቦታ አለው። ከጀርባው ጋር በአንድ ብሎን ብቻ ይያዝ፤ የብሎኑ ቀዳዳም ወደ ኋላ ረዘም ያለ ይሁን።

ጎኖቹም በቁመታቸው ያብጣሉ። 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎን በበጋና በክረምት መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በየካቲት ደረቅ አየር የሠሩት መሳቢያ ከመክፈቻው በቁመት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ በነሐሴ የሠሩት 1 ይበቃዋል፣ በበጋ ራሱ ይላላል። በእንጨት ሐዲድ ለሚሄድ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ። የብረት ስላይድ የሚገጥሙ ከሆነ በየጎኑ 13 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ይህ ጣውላው ሳይቆረጥ በፊት ይታሰብ። የእንጨት ሐዲዱንና የጎኖቹን የታች ጠርዝ በጧፍ ወይም በሻማ ይሹት። ሰሙ ግን ሁሉም ከተጣበቀና ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ ይቀባ፤ ሰም የነካው እንጨት ኮላም ቫርኒሽም አይቀበልም።